ጥርት ብሎ ይሰማል

ሻለቃው፦ ሻይ የሚባል ነገር በዕቅዱ ውስጥ የለም! እንካ አንብበው፤ ከፊቱ እስከ ኋላው አገላብጠው። «ሻይ» የሚል ቃል ካገኘህ ይህን ማዕረግ ከትከሻዬ ላይ ነቅለህ ውሰደው።

ሃምሳ አለቃው፦ በዕቅዱ ውስጥ አለ መች አልኩ፣ ሻለቃ? ማንቆርቆሪያው ውስጥ አለ ነው ያልኩት።

ሻለቃው፦ የስድስት አገር ጦር በተሰበሰበበት የጋራ ልምምድ፣ በመገናኛ ድንኳን፣ በዋናው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ማንቆርቆሪያ ሲንተከተክ! አሁን ጄኔራሉ ገብተው ይህን ቢያዩ ምን ይላሉ?

ሃምሳ አለቃው፦ «ስኳር አብዛልኝ» የሚሉ ይመስለኛል።

ሻለቃው፦ አቤት! አቤት ፈጣሪዬ፣ ምን በድዬህ ነው እህቴን ለዚህ ሰው የዳርካት?

[ሻለቃው የልምምዱ አዘጋጅ ነው። በዚህ ምድር ላይ የማያውቀው ነገር ቢኖር አለማወቁን ብቻ ነው። ሃምሳ አለቃው የታናሽ እህቱ ባል ሲሆን፣ እሷው ወንድሟን ለምና ነው ከአጠገቡ ያስመደበችው። ነገር ቶሎ አይገባውም እያሉ ያሙታል። እውነት ነው፣ ቶሎ አይገባውም፤ አንዴ ከገባው ግን አይወጣለትም። አሁን ልቡን የከበደው ነገር ይህ ነው፦ በድንኳኑ ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሻይ አማረውና የትልቁን ሬዲዮ ስፒና ነቅሎ የማንቆርቆሪያውን ሰክቷል። የሬዲዮው ገመድ ጠረጴዛው ሥር ወድቋል። ይህን ሊናገር አፉን ከከፈተ ቆይቷል።]

ሃምሳ አለቃው፦ ሻለቃ፣ አንዲት ነገር ልንገርዎት፤ ሶኬቱ ላይ...

ሻለቃው፦ «ጨረስኩ» አልኩ?

ሃምሳ አለቃው፦ አላሉም።

ሻለቃው፦ እኮ! እስቲ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ካርቶን አንብበው።

ሃምሳ አለቃው፦ [አንጋጦ] «አንዱ ‹ጨረስኩ› ሳይል ሌላው አፉን አይክፈት።»

ሻለቃው፦ ማን ጻፈው?

ሃምሳ አለቃው፦ እርስዎ።

ሻለቃው፦ የሬዲዮ ሥነ ሥርዓት ማለት ይህ ነው። ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ አንዱም አይሰማም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ስጠይቅህ መልስ፤ ካልጠየቅኩህ ግን «ጨረስኩ» እስክል ጠብቅ። ገባህ?

ሃምሳ አለቃው፦ ገብቶኛል። መቼ ነው የሚሉት?

ሻለቃው፦ ስጨርስ ነዋ!

[ሃምሳ አለቃው ከዚህ ቤተሰብ ጋር ከተጋባ ጀምሮ ሻለቃው ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሰምቷል፤ ሲጨርስ ግን ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ነካ ነካ አደረገ።]

ሻለቃው፦ ለመሆኑ ዛሬ ለምን እንደተሰበሰብን ታውቃለህ?

ሃምሳ አለቃው፦ ለልምምድ።

ሻለቃው፦ የምን ልምምድ?

ሃምሳ አለቃው፦ የጦርነት።

ሻለቃው፦ ጦርነትን ምን አመጣው? የመግባባት ነው እንጂ! ስድስቱም አገሮች የየራሳቸው ሬዲዮ አላቸው፤ አንዱ የተሠራው ሌላውን ሳያውቅ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ጎርፍ ቢመጣ፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ፣ ስድስቱ ጦር አብሮ ሲወጣ የአንዱ ሬዲዮ ከሌላው ሬዲዮ ጋር ይነጋገራል ወይ? ይህን ነው የምንፈትነው።

ሃምሳ አለቃው፦ ባይነጋገርስ?

ሻለቃው፦ ይነጋገራል። ዕቅዱ ላይ «ይነጋገራል» ተብሎ ተጽፏል።

ሃምሳ አለቃው፦ ከተጻፈ ታዲያ ሰዎቹን ከአገራቸው ድረስ ለምን አደከምናቸው?

ሻለቃው፦ ለጄኔራሉ ለማሳየት!

ሃምሳ አለቃው፦ ጄኔራሉ ዕቅዱን አላነበቡትም?

ሻለቃው፦ [ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ] ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ይህ ፈተና ዛሬ ጄኔራሉ ፊት ካማረ፣ የቋሚው ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እኔ ነኝ። ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ! ከተበላሸ ግን የምጣለው ልብስ ግምጃ ቤት ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ካልሲ ሳጣምድ እኖራለሁ። ደግሞ ብቻዬን እንዳይመስልህ። አንተንም ጎትቼ ነው የምወርደው።

ሃምሳ አለቃው፦ ካልሲ እንኳ አይከፋም፣ ጋሼ። ጥንዱን ካገኘ በኋላ ሌላ ጣጣ የለውም።

ሻለቃው፦ እዚህ ጋሼ የሚባል የለም! ጋሼ እቤት ነው፤ እዚህ ሻለቃ ነኝ።

ሃምሳ አለቃው፦ እሺ ጋሼ... ሻለቃ።

ሻለቃው፦ ይልቅ እንግዶቹ ከጠዋት ጀምሮ ወደዚህ ድንኳን የሚመላለሱት ምን ፈልገው ነው?

ሃምሳ አለቃው፦ ሻይ።

ሻለቃው፦ በምን ቋንቋ ነገሩህ?

ሃምሳ አለቃው፦ በእጃቸው። መጀመሪያ ባለ ቀይ ቆቡ መጣ። የሬዲዮውን ገመድ በእጁ ጠቅልሎ ይዟል። ስፒናውን አሳየኝ፤ ከዚያ ወደ ማንቆርቆሪያው ጠቆመ። ቀዳሁለት። ጠጣና እንደገና ስፒናውን አሳይቶኝ ጠቆመ። ደገምኩለት። ሦስተኛውን ስቀዳለት ግን ግንባሩን ይዞ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ባለ ጢሙ መጣ፤ እሱም ያው ነው፤ ስፒናውን ያሳያል፣ ይጠቁማል፣ ይጠጣል፣ ግንባሩን ይይዛል።

ሻለቃው፦ ስፒና ይዘው ሻይ የሚለምኑ?

ሃምሳ አለቃው፦ የየአገሩ ልማድ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ስፒናቸው ደግሞ አያምርም መሰለዎት! የባለ ቀይ ቆቡ እግሮቹ ጠፍጣፋ ናቸው። የባለ ጢሙ ሦስት እግር አለው። ባለ መነጽሩማ የያዘው...

ሻለቃው፦ ስለ እግር አልጠየቅኩህም! ለአስተርጓሚው አልነገርክም?

ሃምሳ አለቃው፦ አስተርጓሚውን እርስዎ አሰናብተውት የለም እንዴ?

ሻለቃው፦ አዎ፣ አሰናበትኩት! ምን ይሠራልኛል? አንድ ዓረፍተ ነገር ራሴ አስተምሬያቸዋለሁ። ከኛ ሬዲዮ የጣቢያቸው ቁጥር ሲጠራ «ጥርት ብሎ ይሰማል» ይላሉ፤ አለቀ። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚናገር፣ በስንት ሰዓት እንደሚናገር ጭምር አስጠንቻቸዋለሁ። ባትሪያቸውንም ሰብስቤ ቆልፌበታለሁ።

ሃምሳ አለቃው፦ ባትሪያቸው ምን አደረገ?

ሻለቃው፦ አንዱ በትልቅ ባትሪ፣ አንዱ በትንሽ ባትሪ ሲሠራ ሥርዓት አለው? ሁሉም በአንድ ጄኔሬተር፣ በአንድ መብራት! አንድነት ማለት ይህ ነው። ድንኳኖቹንስ አየሃቸው? ስድስቱንም ትከሻ ለትከሻ ነው ያስተከልኳቸው፤ የአንዱ ሸራ ከሌላው ሸራ ጋር ተሳስሟል።

ሃምሳ አለቃው፦ አይቻለሁ። እንኳን ጦር፣ ጉንዳን አያሳልፉም። ምነው እንዲህ ተቀራረቡ?

ሻለቃው፦ የጄኔራሉን ጉልበት አታውቅም? ኮረብታ ለኮረብታ ላስኬዳቸው ነው? አንድ ሁለት እርምጃ ሲሉ ሁሉንም ያዩታል፤ ፎቶውም ያምራል። አዘጋጅ ማለት ሁሉንም አስቀድሞ የሚያስብ ማለት ነው። አየህ፣ እኔ...

[ሃምሳ አለቃው ይህ «እኔ» ረጅም መንገድ እንደሚሄድ ስለሚያውቅ፣ በመሃሉ ጎንበስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገባ። የሬዲዮውን ስፒና አንስቶ መልሶ ሊሰካው ነው። ገመዱን ያዘና ሳብ አደረገው፤ አልመጣም። ቢያይ የሻለቃው ጫማ ቆሞበታል።]

ሃምሳ አለቃው፦ ሻለቃ፣ እግርዎን አንዴ...

ሻለቃው፦ ከዚያ ሥር ውጣ! ሬዲዮውን እንዳትነካብኝ! አንተ የነካኸው ነገር መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል? የእህቴን ልብስ ማጠቢያ መኪና «ድምፁ በዛ» ብለህ የፈታታኸው አንተ አይደለህም?

ሃምሳ አለቃው፦ ድምፁማ ጠፍቷል።

ሻለቃው፦ ልብስ ማጠቡም ጠፍቷላ! ውጣ አልኩህ!

ሃምሳ አለቃው፦ [እየወጣ] እኔ እንኳ ልል የፈለግኩት፣ ሬዲዮው...

ሻለቃው፦ ካርቶኑን!

[ሃምሳ አለቃው ካርቶኑን አየው። ካርቶኑም አየው። ከውጭ የጫማ ድምፅ ተሰማ። ሻለቃው ቆቡን አውልቆ የሚያኖርበት ቢያጣ ሬዲዮው ላይ ደፋው፤ ሬዲዮው ሲሠራ ትንሿ መብራት ቦግ በምትልበት ቦታ ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። ጄኔራሉ አንድ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ገቡ።]

ጄኔራሉ፦ እህ፣ ሻለቃ፣ ደረሳችሁ? ኧረ የምን ሽታ ነው እንዲህ ደስ የሚለው?

ሻለቃው፦ ጌታዬ፣ ይህ ማንቆርቆሪያ ከዕቅዱ ውጭ የገባ ነው፤ አሁኑኑ...

ጄኔራሉ፦ ተወው፣ ተወው። ሃምሳ አለቃ፣ አንዲት ስኒ ቅዳልኝ እስቲ። ስኳር አብዛልኝ።

[ሃምሳ አለቃው ወደ ሻለቃው ዘወር ብሎ በዓይኑ «አላልኩም?» አለው። ሻለቃው እንዳላየ ሆነ።]

ሻለቃው፦ ጌታዬ፣ እነሆ የስድስቱን አገሮች ሬዲዮዎች በአንድ አፍ ሲናገሩ የሚሰሙበት ታሪካዊ ሰዓት ደርሷል። [ማይኩን አንስቶ ድንኳኑን በሚያነቃንቅ ድምፅ] አንደኛ ጣቢያ! አንደኛ ጣቢያ! ይሰማል?

[ሃምሳ አለቃው ዓይኑን ጨፈነ። ካልሲዎቹ ታዩት፤ አንድ ክፍል ሙሉ፣ ጥንድ የሌለው ካልሲ። እሱስ ግዴለም፣ አሳዛኟ ሚስቱ ናት፤ በወንድሟ መኩራት ትወዳለች። ማታ ምን ብሎ ይነግራታል?]

የባለ ቀይ ቆቡ ድምፅ፦ ጥርት ብሎ ይሰማል!

[ሃምሳ አለቃው ዓይኑን ገለጠ። ስፒናው መሬት ላይ ነው። ሬዲዮው ግን ተናገረ። ምናልባት እንግዶቹ ሬዲዮ ውስጥ የተረፈ መብራት ቢኖር ለኛም አካፍለውን ይሆናል ብሎ አሰበና በልቡ አመሰገናቸው።]

ሻለቃው፦ ሁለተኛ ጣቢያ! ይሰማል?

የባለ ጢሙ ድምፅ፦ ጥርት ብሎ ይሰማል!

ጄኔራሉ፦ አቤት ጥራት! እኛ ወጣት ሳለን ሬዲዮ ማለት ሽንኩርት እንደሚጠበስበት ድስት ነበር፤ ሽሽሽ ሲል ነበር የሚውለው። ይኸኛውማ አጠገቤ ቆሞ የሚያወራኝ ነው የሚመስለው።

ሻለቃው፦ የአዘጋጅነት ጉዳይ ነው፣ ጌታዬ። ሦስተኛ ጣቢያ!

የባለ መነጽሩ ድምፅ፦ [ሳል ይዞት፣ እህ እህ ብሎ] ጥርት ብሎ ይሰማል!

ሻለቃው፦ አራተኛ ጣቢያ!

ሌላ ድምፅ፦ [ከፍ ብሎ] ጥርት ብሎ ይሰማል!

ሻለቃው፦ አምስተኛ ጣቢያ!

የመጨረሻው ድምፅ፦ [ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ] ጥ...ር...ት ብሎ ይሰማል!

ጄኔራሉ፦ ይኼ የመጨረሻው ምነው ጮኸ?

ሻለቃው፦ ደስታ ነው፣ ጌታዬ። ሕዝቦቹ ስሜታቸውን አይደብቁም።

[ባለ መነጽሩ ያሳለ ጊዜ ሃምሳ አለቃው የጎረቤቱን ሸራ እያየ ነበር። ሳሉ ሲመጣ ሸራው ወደ ውስጥ ነፋ አለ፤ ሳሉ ሲያቆም ሸራው ተመለሰ። ሃምሳ አለቃው ሸራውን አየ፣ ስፒናውን አየ፣ እንደገና ሸራውን አየ። ያ ቶሎ የማይገባው ነገር ቀስ እያለ ሲገባው ታወቀው። ጠፍጣፋው እግርም፣ ሦስቱ እግርም ተራ በተራ ትዝ አሉት። ለካ ሰዎቹ ሻይ አልነበረም የፈለጉት።]

ጄኔራሉ፦ ሻለቃ፣ ደስ ብሎኛል። በርታ። ነገ ደግሞ እያንዳንዱ ጣቢያ በየኮረብታው ይውጣና ይደገም፤ ሚኒስትሩም ሊያዩ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጽሕፈት ቤቱ እንነጋገራለን። ሃምሳ አለቃ፣ ስኒዋን ይዣት ልሂድ፤ መልሼ እልክልሃለሁ።

ሃምሳ አለቃው፦ ጌታዬ፣ ጉልበትዎን...

ሻለቃው፦ ሃምሳ አለቃ!

[ጄኔራሉ ስኒዋን እንደያዙ ወጡ። ሃምሳ አለቃው በአጠገቡ ያለውን ሸራ ትኩር ብሎ አየ፤ አሁንም አንድ ነገር ሊናገር ፈልጎ ጣቱን እንደ ተማሪ አነሳ። ሻለቃው ግን በደስታ ሰክሯል፤ ጣት የሚያይ ዓይን አልነበረውም።]

ሻለቃው፦ ሰማህ? «ስለ ጽሕፈት ቤቱ እንነጋገራለን!» ምንጣፉ ቀይ ነው የሚሆነው። አንተ በር ላይ ትቀመጣለህ፤ ሰው ሲመጣ «ሻለቃ ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላለህ፤ ከዚያ በላይ ቃል አትጨምርም። ጣትህን አውርድ! ደግሞ ጄኔራሉን አየሃቸው? «አጠገቤ ቆሞ የሚያወራኝ ነው የሚመስለው!» እሳቸው እኮ ሬዲዮና የልብስ ካውያ ቢቀርብላቸው ካውያውን ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ጣትህን አውርድ አልኩህ! ለኔ ምን ይገደኛል? እንዲህ ዓይነት አለቃ ነው የሚያስፈልገው፤ ያሳዩትን የሚያይ፣ ያሰሙትን የሚሰማ።

[ሃምሳ አለቃው ጣቱን አወረደና ሌላኛውን እጁን አነሳ። እሱም አልሠራም። በመጨረሻ ካርቶኑን ከምሰሶው ላይ አውርዶ ሻለቃው አፍንጫ ሥር ያዘው፤ «ጨረስኩ» በሚለው ቃል ላይም ጣቱን አደረገ።]

ሻለቃው፦ እሺ፣ እሺ! ዛሬ ደስ ብሎኛልና ይኸው ላስደስትህ። ጨረስኩ። ተናገር፤ ምንድነው እንዲህ ያስጨነቀህ?

ሃምሳ አለቃው፦ ሁለት ነገር ነው፣ ሻለቃ። የትኛውን ላስቀድም?

ሻለቃው፦ ቀላሉን።

ሃምሳ አለቃው፦ ሬዲዮው አልተሰካም።

ሻለቃው፦ ምን?

ሃምሳ አለቃው፦ ጠዋት ነው የነቀልኩት፣ ለሻዩ። ይኸው ስፒናው፤ ጫማዎ ሥር ነበር።

[ሻለቃው ቆቡን ከሬዲዮው ላይ አነሳ። መብራቷ ድርግም ብላለች። ቆቡን መልሶ ደፋባት፤ እንደገና ቢያነሳው የምትበራ ይመስል አሁንም አነሳው።]

ሻለቃው፦ ሊሆን አይችልም። መለሱልኝ እኮ! አምስቱም መለሱልኝ!

ሃምሳ አለቃው፦ በሸራው በኩል ነው የመለሱልዎት። እርስዎ ጮኹ፣ ባለ ቀይ ቆቡ ሰማና እሱም ጮኸ። ትከሻ ለትከሻ አይደል ያስተከሏቸው?

ሻለቃው፦ ግን... የእነሱ ሬዲዮ...

ሃምሳ አለቃው፦ የእነሱማ ጠዋትም አልበራም፣ ጋሼ። ስፒናቸው የኛ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ባትሪያቸውን እርስዎ ቆልፈውበታል። ሲጨንቃቸው ወደኔ መጡ፤ እኔ ደግሞ ሻይ ቀዳሁላቸው። ይኼ እንኳ የኔ ጥፋት ነው። እያንዳንዱ «የኔ ብቻ ነው ያልሠራው፤ በሌላው ፊት ላፍር ነው» ብሎ ሲሰጋ ዋለና፣ ተራው ሲደርስ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

ሻለቃው፦ [ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ] ስድስት አገር... ስድስት ሬዲዮ... አንዱም?

ሃምሳ አለቃው፦ አንዱም። የሠራው ማንቆርቆሪያው ብቻ ነው።

[ሃምሳ አለቃው አማቹን እንዲህ ተዘርፍጦ አይቶት አያውቅምና ከልቡ አዘነለት። ስኒ ቀድቶ በእጁ አስያዘው። ሻለቃው አንድ ጊዜ ፉት አለና ነፍስ ዘራ፤ ነፍስ ሲዘራ ደግሞ ያው ሰው ነው።]

ሻለቃው፦ ቆይ! ይህን የሚያውቅ ማን አለ? አንተና እኔ ብቻ። እንግዶቹ እንኳን ሊናገሩ፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በቀር ቋንቋ የላቸውም። ሊያስረዳላቸው የሚችለውን አስተርጓሚም አሰናብቼዋለሁ! አየህ አርቆ ማሰብ?

ሃምሳ አለቃው፦ ሻለቃ፣ ሁለተኛው ነገር ደግሞ...

ሻለቃው፦ ቆይ አልኩህ፣ ገና አልጨረስኩም! ነገ ኮረብታ የሚባለውን እናስቀረዋለን። «ዝናብ ይመጣል» እንላለን። ካልሆነም ለጄኔራሉ «ጌታዬ፣ ለጉልበትዎ አይሆንም» እላቸዋለሁ። እሳቸው እንደሆኑ ስለ ጉልበታቸው የተጨነቀላቸውን ሰው ይወዳሉ፤ በጉልበታቸው በኩል የፈለግኩበት እወስዳቸዋለሁ። ሚኒስትሩም እዚሁ ድንኳን ይመጣሉ፣ እኔም እዚሁ እጮሃለሁ፣ እነሱም እዚያው ይጮሃሉ። ሬዲዮ ለምን አስፈለገ? አንተ አፍህን ብቻ ዝጋ። ለእህቴም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትል።

ሃምሳ አለቃው፦ ጋሼ፣ እባክዎን «ጨረስኩ» ይበሉልኝ።

ሻለቃው፦ ገና ነኝ አልኩህ!

ሃምሳ አለቃው፦ ስለ እህትዎ ብለው። ስለ ልጆቻችን ብለው። አንዴ ብቻ።

ሻለቃው፦ ጨረስኩ! ጨረስኩ! ምንድነው ሁለተኛው ነገር?

ሃምሳ አለቃው፦ ጄኔራሉ አልሄዱም።

ሻለቃው፦ እንዴት አልሄዱም? ስኒ ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ።

ሃምሳ አለቃው፦ ወጥተዋል፤ ሩቅ ግን አልሄዱም። ጉልበታቸውን ሲያማቸው መጀመሪያ ያገኙት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ጥላቸው ሸራው ላይ ይታየኝ ነበር፤ ጣቴን ያነሳሁት ለዚህ ነው። ባለ ቀይ ቆቡ ድንኳን ገብተው ሻዩን እየጠጡ ነው።

ሻለቃው፦ [ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወርዶ] ባለ ቀይ ቆቡ ድንኳን... የትኛው ነው?

ሃምሳ አለቃው፦ [ከሻለቃው ጆሮ አጠገብ ያለውን ሸራ በጣቱ ነካ አድርጎ] ይኼኛው።

[ሸራው ትንሽ ነፋ አለ። ከበስተኋላው ስኒ ከጠረጴዛ ጋር ቀስ ብሎ ሲነካካ ተሰማ።]

ሻለቃው፦ ታዲያ... ስለ ካውያው ያልኩትን... ሰምተውኝ ይሆን እንዴ?

የጄኔራሉ ድምፅ፦ [ከሸራው ጀርባ] ጥርት ብሎ ይሰማል!

[ባለ ቀይ ቆቡ ይህን ሲሰማ ፈተናው የተደገመ መሰለው። ያለችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር አላመነታም።]

የባለ ቀይ ቆቡ ድምፅ፦ ጥርት ብሎ ይሰማል!

የባለ ጢሙ ድምፅ፦ ጥርት ብሎ ይሰማል!

የባለ መነጽሩ ድምፅ፦ [እህ እህ] ጥርት ብሎ ይሰማል!

ሌላ ድምፅ፦ ጥርት ብሎ ይሰማል!

የመጨረሻው ድምፅ፦ [ከወዲያኛው ጫፍ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ] ጥ...ር...ት ብሎ ይሰማል!

የጄኔራሉ ድምፅ፦ ሃምሳ አለቃ!

ሃምሳ አለቃው፦ አቤት ጌታዬ!

የጄኔራሉ ድምፅ፦ የአንዱ አገር ስፒና በሌላው አገር ሶኬት ውስጥ እንደማይገባ ዛሬ አወቅን። ልምምድ የሚደረገው ይህን የመሰለውን ጉድ በሰላሙ ጊዜ ለማወቅ ነው እንጂ ፎቶ ለመነሳት አይደለም። ባትሪያቸውን መልስላቸው። አስተርጓሚው ይጠራ። ነገ በየኮረብታው ስንወጣ አንተ ከኔ ጋር ነህ፤ ጉልበቴን ትደግፍልኛለህ፣ የታዘብከውን ሁሉ ለሚኒስትሩ ታስረዳለህ። ሻለቃውን ልብስ ግምጃ ቤት ይጠብቁታል፤ ካውያ እዚያ ሞልቷል። እስከዚያው ማንቆርቆሪያዋን ይያዝና ለእንግዶቹ ሻይ ያዙርላቸው። ለኔም ይድገመኝ።

[ሻለቃው እንደ ካርቶኑ ደርቆ ቀረ። ሃምሳ አለቃው ቀስ ብሎ ስኒውን ከእጁ ተቀበለውና ማንቆርቆሪያዋን አስጨበጠው። መሳቅም ማልቀስም ቃጣው፤ ሁለቱንም ዋጠው።]

ሃምሳ አለቃው፦ አይዞዎት፣ ጋሼ። ለእህትዎ እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። ጄኔራሉ ያሉትን ግን ሰሙ?

ሻለቃው፦ [ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘ፣ መጀመሪያ ካርቶኑን፣ ከዚያ ሸራውን አይቶ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ባጭሩ] ጥርት ብሎ ይሰማል።